ካዶ አንድ ነገድ ነው ወይስ ሃያ አምስት? ዝርዝሮቹ ለምን አይገጥሙም

የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ስለሆኑት ስለ ካዶዎች ከዳላስ ጥያቄ መጥቶልኛል፤ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ። «ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። በቴክሳስ ታሪክ ትምህርት ስለ ካዶ ሕዝብና ስለ ነገዶቹ ጽፋ እንድታቀርብ ታዛለች። አንዱ ጽሑፍ ሦስት ነገድ ናቸው ይላል። ሌላው 12፣ ሌላው 25 ይላል። አንዱ ሐሲናይ የሚባሉትን ከካዶ ለይቶ ያስቀምጣል። አንዱ ደግሞ ፓውኒንና ዊቺታንም ካዶ ውስጥ ይከታል። ናከቲሽና ናከዶቸስ የሚባሉትን ከተሞች የቆረቆሩት መንታ ወንድማማቾች ናቸው የሚልም አንብበናል። የትኛውን ትጻፍ? ሕዝቡስ ዛሬ አለ ወይስ ጠፍቷል?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ካዶዎች አሉ። ኦክላሆማ ውስጥ ቢንገር በምትባል ትንሽ ከተማ የሚቀመጥ፣ የራሱ ሕገ መንግሥትና የተመረጠ ምክር ቤት ያለው፣ የፌዴራሉ መንግሥት የሚያውቀው የካዶ ብሔር አለ። የተመዘገቡ አባላቱ ከ5000 በላይ ናቸው። ልጅዎ «ይኖሩ ነበር» ብላ ጽፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚታረመው እሱ ነው። በትምህርት ቤት ጽሑፎች ውስጥ በብዛት የማየው ስህተትም ይኸው ነው።

ወደ ቁጥሮቹ ስንመጣ፣ ሦስቱም ውሸት አይደሉም። የተቆጠረው ነገር ግን አንድ አይደለም፤ ዘመኑም አንድ አይደለም። 25 የሚለው በየወንዙ ዳር የነበሩትን ትናንሽ ማኅበረሰቦች ይቆጥራል። ሦስት የሚለው እነዚህ ማኅበረሰቦች በ1700 አካባቢ የተሰባሰቡባቸውን ጥምረቶች ይቆጥራል። 12 የሚለው ደግሞ በ1890ዎቹ፣ ሕዝቡ ከአገሩ ተነቅሎ ኦክላሆማ ከገባ በኋላ፣ ሽማግሌዎች የሚያስታውሷቸው የወገን ስሞች ዝርዝር ነው። ችግሩ ጸሐፊዎቹ ዓመቱን ሳይነግሩን ዝርዝሩን ብቻ መገልበጣቸው ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አገራቸውን እንወቅ። የካዶ ምድር ዛሬ አራት ግዛቶች የሚገናኙበት አካባቢ ነው፦ ምሥራቅ ቴክሳስ፣ ሰሜን ምዕራብ ሉዊዚያና፣ ደቡብ ምዕራብ አርካንሳስ እና ደቡብ ምሥራቅ ኦክላሆማ። ሬድ ሪቨር የሚባለው ትልቅ ወንዝ መሐሉን ያቋርጠዋል። ከ800 እስከ 900 ባለው ጊዜ ውስጥ የራሱ መልክ ያለው የካዶ ባህል እዚህ መታየት ጀመረ። በቆሎ፣ ባቄላ፣ ዱባና ሱፍ የሚዘሩ ገበሬዎች ነበሩ። ጨው ከምንጭ ውኃ እያፈሉ ያወጡ ነበር። ለቀስት የሚሆን ጠንካራና ተጣጣፊ እንጨት አገራቸው በብዛት ያበቅላል። ይህን ሁሉ ይዘው ሩቅ ድረስ ይነግዱ ነበር። የሸክላ ሥራቸው ደግሞ ዛሬም የሚያየውን ያስደንቃል፤ የተወለወለ፣ በቀጭን የተቀረጸ፣ እየተጠማዘዘ የሚሄድ መስመር ያለው ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ጽሑፏ ላይ የቆዳ ድንኳን እንዳትስል። ያ የሜዳው ሕዝቦች ቤት ነው። የካዶ ቤት ክብ ነው። ረጃጅም ግንዶች ዙሪያውን ተተክለው ጫፋቸው ላይ ይገናኛሉ፤ ከላይ እስከ ታች ሣር ይለብሳሉ። የሣር ክዳን ቤት የሚያውቅ የአገራችን ሰው ፎቶውን ሲያይ ቶሎ ይገባዋል።

አሁን ወደ ክፍፍሉ ልግባ፤ ዋናው ጉዳይም እዚህ ነው። በ1691 ዶሚንጎ ቴራን የተባለ የስፔን ሹም ሬድ ሪቨር ደርሶ ነበር። ከዚያ ጉዞ የቀረ አንድ ካርታ አለ። የተሳለው የላይኞቹ ናሶኒዎች መንደር ነው፤ ዛሬ ቴክሳርካና ከሚባለው ከተማ ብዙም አይርቅም። ካርታውን ጠጋ ብለው ሲያዩት የተጨናነቀ ከተማ የለም። በወንዙ ግራና ቀኝ የተበታተኑ ግቢዎች አሉ። እያንዳንዱ ግቢ አንድ ሁለት ክብ ቤት፣ አንድ ዳስና ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ጎተራ አለው። ዙሪያው እርሻ ነው። ከግቢዎቹ ወዲያ በሰው እጅ የተከመረ ጉብታ ይታያል፤ አናቱ ላይ ቤተ መቅደስ ቆሟል። የካዶ ማኅበረሰብ ማለት ይህ ነው፤ አንድ ወንዝ፣ ብዙ ግቢ፣ አንድ ቤተ መቅደስ፣ አንድ አለቃ። አለቃው ካዲ ይባላል። ከሥሩ ሽማግሌዎች አሉ፤ አዋጅ የሚናገርና ሥራ የሚያስተባብር ሰውም አለ። ከካዲዎቹ በላይ ደግሞ የማይጠፋውን እሳት የሚጠብቅ ሊቀ ካህን ነበር። የየቤቱ እሳት የሚለኮሰው ከዚያ እሳት ነው።

እነዚህ ማኅበረሰቦች በሦስት ጥምረት ተሰባስበው ነበር። ትልቁ ሐሲናይ ነው፤ በምሥራቅ ቴክሳስ በኔቼስና በአንጀሊና ወንዞች ዳር። ናበዳቼ፣ ሐይናይ፣ ኔቼ፣ ናኮኖ፣ ናከዶቸስ፣ አናዳርኮና የታችኞቹ ናሶኒዎች እዚህ ይገባሉ። በ1691 ፍራንሲስኮ ካሳኛስ የተባለ የስፔን መነኩሴ የሐሲናይን ብቻ ዘጠኝ ወገን ብሎ ዘርዝሯል። ሁለተኛው ካዶሐዳቾ ነው፤ ሬድ ሪቨር ታጥፎ ወደ ደቡብ በሚዞርበት ቦታ። የላይኞቹ ናሶኒዎች፣ የላይኞቹ ናከቲሾችና ናናትሶሆዎች ከእነሱ ጋር ነበሩ። ሦስተኛው ናከቲሽ ነው፤ ወደ ታች በሉዊዚያና፣ ከዱስቲዮኒዎች ጋር። ናሶኒና ናከቲሽ ሁለት ሁለት ቦታ መገኘታቸው ብዙ ሰው ያደናግራል። የቅጂ ስህተት አይደለም፤ አንዱ ወገን ላይ፣ አንዱ ታች ይኖር ነበር።

ያታሲዎች በካዶሐዳቾና በናከቲሽ መሐል ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። አዳይና ኤይሽ የሚባሉት ደግሞ ጎረቤት ሆነው ቋንቋቸው ይለይ ነበር፤ በኋላ ነው ከካዶ ጋር የተቀላቀሉት። አንዱ ዝርዝር ሲያስገባቸው ሌላው የሚተዋቸው ለዚህ ነው።

«ካዶ» የሚለው ስም ራሱ መጀመሪያ የሁሉም አልነበረም። ፈረንሳዮች ካዶሐዳቾ የሚለውን አሳጥረው ነው የተጠቀሙበት። በ1800ዎቹ አሜሪካኖች ለሁሉም ዘረጉት። ስለዚህ በ1700 ስለነበረ ዘመን የሚጽፍ ሰው ሐሲናይን ከካዶ ቢለይ ልክ ነው። በ1900 ስለነበረው የሚጽፍ ግን ሐሲናይን ከካዶ ከለየ ተሳስቷል።

ከዚህ ሁሉ ጋር የማይገናኝ ሌላ ክፍፍል ደግሞ አለ፤ ብዙ ጽሑፍ ሁለቱን ይደባልቃቸዋል። ጎሳ ማለቴ ነው። በ1890ዎቹ ጄምስ ሙኒ የተባለ ተመራማሪ ኦክላሆማ ሄዶ ሲጠይቅ አሥር ጎሳ ነገሩት፦ ድብ፣ ተኩላ፣ ጎሽ፣ ቢቨር፣ ንስር፣ ራኩን፣ ቁራ፣ ነጎድጓድ፣ ፓንተር እና ፀሐይ። ብዙ ሰው የነበረበት የድብ ጎሳ ነው። ጎሳ የሚወረሰው በአብዛኛው በእናት ወገን ነው። አንድ ሐይናይ ሰውና አንድ አናዳርኮ ሰው የተለያየ አካባቢ ተወልደው ሁለቱም የተኩላ ጎሳ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የጎሳዎቹን ስም ከነሐሲናይ ጎን አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ መክተት አይቻልም።

ሙኒ ከጎሳዎቹ ሌላ የወገኖቹንም ስም ሰብስቧል። 12 የሚባለው እሱ ነው። ይህን ዝርዝር በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ውስጡ ሁለት እንግዶች አሉ። ኢማሃ የሚባሉት ከሰሜን የመጡ የኳፓው ወይም የኦማሃ ዘመዶች ናቸው። ዮዋኒ የሚባሉት የቾክቶ ወገን ናቸው። ካዶዎች ተቀበሏቸው፤ ከሁለት ሦስት ትውልድ በኋላ እንደ ካዶ ወገን ተቆጠሩ። ካዶነት የደም ዝርዝር ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም።

ፓውኒና ዊቺታን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ ካዶ አይደሉም። የቋንቋ ሊቃውንት ካዶ፣ ዊቺታ፣ ኪትሳይ፣ ፓውኒና አሪካራ የሚባሉትን ቋንቋዎች በአንድ ቤተሰብ ያስቀምጧቸዋል፤ ቤተሰቡንም በካዶ ስም ጠርተውታል። ከተለያዩ ግን ሺህ ዓመታት አልፈዋል። አማርኛና ዓረብኛ ሁለቱም ሴማዊ ናቸው፤ ይህ አማርኛ ተናጋሪውን ዓረብ አያደርገውም። የዚያም ነገር እንዲሁ ነው።

ታዲያ ከ25 ወደ 12፣ ከዚያ ወደ አንድ እንዴት ተመጣ? መጀመሪያ በሽታ ነው። በ1542 ዴ ሶቶ የተባለው የስፔን ወራሪ ጦር ቅሪት በሉዊስ ደ ሞስኮሶ እየተመራ በካዶ ምድር አልፏል። በ1690 ስፔኖች በናበዳቼዎች አጠገብ የመጀመሪያውን ሚሲዮን አቋቋሙ። ወዲያው ወረርሽኝ ገባ። ያው ካሳኛስ በ1691 በጻፈው ደብዳቤ በሐሲናይና በወዳጆቻቸው መካከል ወደ 3000 ሰው እንደሞተ ይገምታል። ካዶዎች በሽታውን ከካህናቱ ጋር አያያዙት። በ1693 ስፔኖች ሚሲዮኑን አቃጥለው ሸሹ። ሞቱ ግን አልቆመም። ሰው ያለቀባት መንደር ብቻዋን መቆም አትችልም፤ የተረፉት ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ። የብዙ ማኅበረሰቦች ስም ከመዝገብ የጠፋው እንዲህ ነው። ሰዎቹ አልጠፉም፤ ሌላ ስም ሥር ገቡ። ናናትሶሆዎችና የላይኞቹ ናሶኒዎች ካዶሐዳቾ ውስጥ ገብተዋል።

ሁለተኛው ከሰሜን የሚመጣው ኦሴጅ የሚባሉ የሌላ ነባር ሕዝብ ጥቃት ነው። ኦሴጆች ከነጋዴዎች ብዙ ጠመንጃ ነበራቸው። ካዶሐዳቾዎች በ1790ዎቹ የጥንት ቦታቸውን ለቀው ወደ ደቡብ ወረዱ፤ ዛሬ ካዶ ሐይቅ በሚባለው አካባቢ ሰፈሩ። እዚያ ዴሃሁይት የሚባል ታላቅ አለቃ ተነሣላቸው። ስፔንና አሜሪካ ድንበር ላይ ሲፋጠጡ ሁለቱም የእሱን ወዳጅነት ይፈልጉ ነበር። ሁለቱንም እያነጋገረ ሕዝቡን ለሠላሳ ዓመት ያህል አቆየ። በ1833 ሞተ።

ከዚያ በኋላ ያለው ልብ ይሰብራል። ሬድ ሪቨርን ለዘመናት የዘጋ የግንድ ክምር ነበር። ሄንሪ ሽሪቭ የተባለ የመርከብ ሰው ከ1833 ጀምሮ በእንፋሎት ጀልባ እያወጣው ወንዙን ከፈተው። ወንዙ ሲከፈት ጥጥ የሚዘራ ሰፋሪ ጎረፈ። ጁላይ 1 ቀን 1835 ካዶዎች ሉዊዚያና ውስጥ አንድ ውል ፈረሙ። አንድ ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ መሬት በ80,000 ዶላር ሄደ፤ ኤከሩ በስምንት ሳንቲም ማለት ነው። 30,000ው በዕቃና በፈረስ የሚታሰብ ነው፤ ቀሪው በዓመት 10,000 ለአምስት ዓመት። በገዛ ወጪያቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ከአሜሪካ ድንበር እንዲወጡ፣ ዳግመኛም እንዳይመለሱ ተጻፈ። ያዋዋላቸው የመንግሥት ወኪል ጀሂየል ብሩክስ ነው። በዚያው ውል ለአንድ የአካባቢው ቤተሰብ የተከለለውን መሬት በኋላ ራሱ ገዛው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1850 ለብሩክስ ተፈረደ።

ካዶሐዳቾዎች ወደ ቴክሳስ ወደ ሐሲናይ ዘመዶቻቸው ተሻገሩ። ሦስቱ ጥምረቶች መቀላቀል የጀመሩት በፍላጎት ብቻ አይደለም፤ መሄጃ ስላጡ ነው። ያኔ ራሱን የቻለ አገር የነበረው የቴክሳስ ሪፐብሊክ ደግሞ አልፈለጋቸውም። በ1850ዎቹ አጋማሽ በብራዞስ ወንዝ አንድ ጠባብ ክልል ተሰጣቸው። ኢየሽ የሚባለው የአናዳርኮ አለቃ፣ ስፔኖች ሆሴ ማሪያ የሚሉት፣ እዚያ መራቸው። ቤት ሠርተው አረሱ። ጎረቤት ሰፋሪዎች ግን የከብት ስርቆቱን ሁሉ በእነሱ ያላክኩ ነበር፤ በ1858 መጨረሻ ተኝተው የነበሩ የካዶና የአናዳርኮ ሰዎችን ገደሉ። በኦገስት 1859 ሮበርት ኔይበርስ የተባለ ወኪል ሕዝቡን እየመራ ሬድ ሪቨርን አሻገራቸው። ስለ እነሱ የተከራከረ ሰው ነበር። ሲመለስ ሴፕቴምበር 14 ቀን ፎርት ቤልክናፕ ላይ አንድ ሰፋሪ ከጀርባው ተኩሶ ገደለው።

በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ብዙዎቹ ወደ ካንሳስ ተሰደዱ፤ በ1867 ተመለሱ። በ1874 የተረፉት ወገኖች አንድ የካዶ ነገድ ለመሆን ተስማሙ። «አንድ» የሚለው መልስ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1890ዎቹ ቁጥራቸው ወደ 500 ገደማ ወርዶ ነበር። በ1901 የጋራ መሬታቸው ለነፍስ ወከፍ 160 ኤከር ተከፋፍሎ የተረፈው በዕጣ ለሰፋሪ ተሰጠ። በ1938 በጽሑፍ የተደነገገ ሕገ መንግሥት አጸደቁ፤ ዛሬ ቢንገር ያለው አስተዳደር የዚያ ተከታይ ነው።

አሁን ጥንቃቄዎቹን ልናገር። የመንታ ወንድማማቾቹ ታሪክ፣ አባት አንዱን ልጁን ወደ ምሥራቅ ሌላውን ወደ ምዕራብ ሰደደ የሚለው፣ ከተሞቹ ለጎብኚ የሚነግሩት ተረት ነው። ልጅዎ ተረት ብላ ልትጠቅሰው ትችላለች፤ የነገዶቹ መነሻ ብላ ግን አትጻፈው። ካዶዎች ስለ መነሻቸው የሚናገሩት ሌላ ነው፤ ሙኒም መዝግቦታል። ከምድር በታች ካለ ዋሻ ወጡ። መጀመሪያ የወጣው ሽማግሌ በአንድ እጁ እሳትና ፒፓ፣ በሌላው ከበሮ ይዟል። ቀጥላ ሚስቱ የበቆሎና የዱባ ዘር ይዛ ወጣች። ሰውና እንስሳ ተከተሉ። ተኩላው ሲወጣ ቀዳዳው ተዘጋ፤ ብዙ ወገን ከታች ቀረ። የወጡት ስለቀሩት ተቀምጠው አለቀሱ። ሴትየዋ ዘር ይዛ መውጣቷን ልብ ይበሉ፤ ይህ የገበሬ ሕዝብ ታሪክ ነው።

ሌላው ስለ መቃብር ዕቃ ነው። ከ1933 እስከ 1935 ኦክላሆማ ስፓይሮ ያለውን ታላቅ ጉብታ ሀብት ፈላጊዎች ቆፍረው ዘረፉት። የካዶ ሸክላም ለብዙ ዓመት ከመቃብር እየወጣ ተሸጧል። በ1990 የወጣ የፌዴራል ሕግ ሙዚየሞች እንዲህ ያለውን ለባለቤቶቹ እንዲመልሱ ያስገድዳል። ስለዚህ ገበያ ላይ «ጥንታዊ የካዶ ማሰሮ» ካያችሁ አትግዙ። ፎቶውንም ጽሑፏ ላይ አትለጥፍ። የዛሬን ሸክላ ትጠቀም። ጄሪ ሬድኮርን የተባለች የካዶ ሴት በ1990ዎቹ ተረስቶ የነበረውን የሸክላ ጥበብ ራሷን አስተምራ አነሣችው፤ በኦባማ ጊዜ አንድ ማሰሮዋ የፕሬዝዳንቱ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

የዝርዝሮቹ ገደብ ደግሞ ይህ ነው። የጻፏቸው ስፔን ካህናት፣ ፈረንሳይ ነጋዴዎችና አሜሪካ ወኪሎች ናቸው። ሁሉም የሰሙትን በየራሳቸው ጆሮ ጻፉ። አንድ ወገን በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል፤ ልጅዎ አምስት ነገድ ብላ እንዳትቆጥር። የካዶዎች የራሳቸው መዝገብ ያለው ዘፈን ውስጥ ነው። የተርኪ ጭፈራ የሚባል አላቸው፤ የሴቶች ነው። ወንዶቹ መሐል ከበሮ ይዘው ይዘፍናሉ፤ ሴቶቹ ጸጉራቸው ላይ ረጃጅም ሪባን የሚወርድበት ጌጥ አስረው ዙሪያውን ይዞራሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለበት። ዘፈኖቹ የድሮ ጦርነትና ድል ይናገራሉ፤ የአንዳንዶቹ ቃል ዛሬ ማንም በማይናገረው የወገን ዘዬ ነው። ቋንቋውን ከእናቱ ጋር እየተናገረ ያደገው የመጨረሻው ሰው በ2025 አርፏል፤ ወጣቶቹ ከድሮ ቅጂዎች ነው የሚማሩት።

ልጅዎ እንዲህ ታድርግ። አንድ ዝርዝር አትምረጥ፤ ሦስት ዘመን ትምረጥ። በ1700 ገደማ ሦስት ጥምረትና በውስጣቸው ወደ 25 ማኅበረሰብ ብላ ትጀምር። ቀጥላ በ1835 እና በ1859 የሆነውን ትጻፍ፤ ወገኖቹ ለምን እንደተቀላቀሉ የሚያስረዳው እሱ ነው። ከዚያ በ1874 አንድ ነገድ፣ ዛሬ የካዶ ብሔር ብላ ትጨርስ። ጎሳዎቹን ለብቻ አንቀጽ ትስጣቸው። አዳይና ኤይሽን «በኋላ የተቀላቀሉ» ብላ ትለይ። ፓውኒና ዊቺታን ከዝርዝሩ ታውጣ። አንድ ጽሑፍ ከሌላው ሲጋጭባት ደግሞ የካዶ ብሔር ራሱ የሚለውን ትያዝ።

መኪና ካላችሁ አልቶ ከተማ አጠገብ ያለውን የካዶ ማውንድስ ታሪካዊ ቦታ እዩ፤ ከዳላስ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሦስት ጉብታ አለው። ኤፕሪል 13 ቀን 2019 የካዶ ባህል ቀን እየተከበረ ሳለ አውሎ ነፋስ መትቶት ሰው ሞተ፤ የሣሩ ቤትም ወደመ። በኋላ በካዶ ሽማግሌዎች መሪነት እንደገና ተሠርቷል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ፤ ጉብታዎቹ ላይ አትውጡ፣ ከመሬት ምንም አታንሡ።